ዛሬ ነገ ሲል የኖረ ተማሪ፦ የቅዱስ አጎስጢኖስ ሕይወት



በየቁምስናው ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ሲነጋገሩ ደጋግሞ የሚሰማ ቅሬታ አለ። ልጁ አእምሮው ብሩህ ነው፤ የተነገረውን ቶሎ ይይዛል፤ ነገር ግን ደብተሩን የሚገልጠው የፈተናው ዕለት ሲቃረብ ብቻ ነው። የዛሬውን ለነገ ያሳድራል፤ ነገ ሲደርስም ሌላ ነገ ይፈልጋል። ተማሪው ራሱ ቢጠየቅ ማጥናት እንደሚገባው አያጣውም። የሚያጣው ከተቀመጠበት የሚያስነሣውን ኃይል ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ አንዱ ወላጅ ልጁን ሰነፍ እያለ ይዘልፈዋል፤ ሌላው በትር ያነሣል፤ ሌላውም ተስፋ ቆርጦ ዝም ይላል። ልጁም ስለ ራሱ የተነገረውን አምኖ ይቀመጣል።

በዚህ ዕትም የቅዱስ አጎስጢኖስን ሕይወት ልናቀርብ የመረጥነው ስለዚሁ ነው። ብዙዎቻችን እርሱን የምናውቀው የጵጵስና ልብስ ለብሶ፣ መጽሐፍና ብዕር ይዞ በተሣለው ሥዕል ነው። ከምዕራባውያን ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንዱ መሆኑንም ሰምተናል። ነገር ግን ይህ ሊቅ በልጅነቱ ትምህርት ቤትን አጥብቆ ይጠላ እንደ ነበር፣ ጎልምሶም ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገውን ነገር እስከ ሠላሳዎቹ ዓመታት ዕድሜው ድረስ ከቀን ወደ ቀን ሲያስተላልፍ እንደ ኖረ ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን። ታሪኩን ራሱ ከ397 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጻፈው ኑዛዜ በተሰኘው መጽሐፉ ሳይሸሽግ ተርኮታል፤ የኋለኛውን ዘመኑን ደግሞ ወዳጁ ጳጳስ ፖሲድዮስ ጽፎልናል። እኛም የምንከተለው እነርሱን ነው። የዘመን አቆጣጠሩ እንደ አውሮፓውያን ነው።

በትር የበዛበት ትምህርት ቤት

አጎስጢኖስ ኖቬምበር 13 ቀን 354 ዓ.ም. በሮማውያን ግዛት ሥር በነበረችው በሰሜን አፍሪካ፣ ታጋስጤ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቦታዋ ዛሬ በአልጄርያ ሱቅ አህራስ ተብላ የምትጠራው ከተማ ናት። አባቱ ፓትሪክዮስ መጠነኛ ርስት ያለው የከተማው ሸንጎ አባል ሲሆን፣ ጥምቀትን የተቀበለው በሕይወቱ መጨረሻ ገደማ ነው። እናቱ ቅድስት ሞኒካ ግን በክርስቲያን ቤት ያደገች ነበረች። ወላጆቹ ባለጸጎች ባይሆኑም ልጃቸው የንግግር ጥበብ ተምሮ ለሹመት እንዲበቃ ይመኙ ነበር፤ በዚያ ዘመን ለብልህ የባላገር ልጅ የተከፈተው መንገድ ይኸው ነበርና።

ስለዚህ ገና በሕፃንነቱ ንባብ፣ ጽሕፈትና ቁጥር እንዲማር ተላከ። በትምህርቱ የዘገየ ልጅ ይገረፍ ነበር። አጎስጢኖስ እንደሚነግረን በልጅነቱ ከልቡ የጸለየው በትምህርት ቤት እንዳይገረፍ ነበር። ተገርፎ ሲመጣ ግን ትልልቆቹ፣ ወላጆቹም ጭምር፣ ይስቁበት ነበር። ጳጳስ ከሆነ በኋላ ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ ያን ሣቅ አልረሳውም። የማስታወስ ችሎታም ሆነ አእምሮ እንዳልጎደለው ራሱ ይመሰክራል፤ የጎደለው ፈቃድ ነበር። ኳስ መጫወት፣ ትርኢት ማየት፣ ተረት መስማት ይወድ ነበር። ደግሞም አንድ ነገር አስተዋለ፤ ልጅ ስለ ጨዋታው ይገረፋል፤ የትልልቆቹ ጨዋታ ግን ሥራ ይባላል። እርሱን ስለ ኳስ የሚገርፈው መምህር ራሱ በአንዲት ጥቃቅን ክርክር በባልንጀራው ሲረታ፣ በኳስ ከተሸነፈው ልጅ ይልቅ በቁጣና በቅናት ይቃጠል ነበር።

ከሁሉ አብልጦ የጠላው የግሪክን ቋንቋ ነው። ላቲንን የተማረው ከሞግዚቶቹ ዘንድ እየሣቀና እየተጫወተ፣ የልቡን ሐሳብ ለመግለጥ ካለው ጉጉት የተነሣ ነበር። የግሪክ ቃላት ግን በዛቻና በቅጣት ስለ ተጫኑበት የባለቅኔው የሆሜር ውብ ተረት እንኳ መራራ ሆነበት። በላቲን የተጻፈውን የቨርጂልን ታሪክ ሲያነብ ግን ስለ ንግሥት ዲዶ ሞት ያለቅስ ነበር። ሁለቱን ካነጻጸረ በኋላ የደረሰበት ፍርድ ለመምህራን ሁሉ የሚጠቅም ነው፤ ለመማር ነጻ ጉጉት ከሚያስፈራ ግዴታ ይልቅ ኃይል አለው። ሥርዓትና ተግሣጽ ጥቅም የለውም ግን አላለም፤ ተገዶ የተማረው ፊደል ኋላ እንደ ጠቀመው ያምናል። ይሁን እንጂ ያ የልጅነት ጥላቻ ዋጋ አስከፍሎታል። ሊቅ ከሆነ በኋላም የግሪክ አባቶችን መጻሕፍት እንደ ልቡ ለማንበብ አልቻለም፤ ስለ ቅድስት ሥላሴ በጻፈው መጽሐፉም ይህን ችግሩን አልሸሸገም። የቅዱሳት መጻሕፍትን ቃላት ከግሪኩ ጋር ለማመሳከር የበቃው ዘግይቶ፣ በብዙ ድካም ነው።

በዚሁ የልጅነት ዘመኑ ሌላም ነገር ደረሰ። በድንገት በሆድ ሕመም ታምሞ ለሞት ሲቃረብ ጥምቀትን ለመነ፤ እናቱም ልታስጠምቀው ተጣደፈች። ነገር ግን ወዲያው ተሻለው፤ ጥምቀቱም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በዚያ ዘመን ከጥምቀት በኋላ የሚሠራ ኃጢአት ይበልጥ ከባድ ነው በሚል ፍራቻ ብዙዎች ጥምቀትን ያዘገዩ ነበር። አጎስጢኖስ ይህ መዘግየት በእውነት ጠቅሞት እንደ ሆነ በኋላ ራሱን ጠይቋል። እንግዲህ ነገርን ለነገ የማሳደርን ልማድ መጀመሪያ ያየው በታላላቆቹ ዘንድ ነበር ለማለት እንችላለን።

ያለ ሥራ ያለፈች ዓመት

ከታጋስጤ ቀጥሎ ማዳውራ በምትባል ጎረቤት ከተማ ሥነ ጽሑፍና የንግግር ጥበብ ተማረ። 16 ዓመት ሲሆነው ግን አባቱ ወደ ካርታጎ የሚልክበት ገንዘብ ስላልነበረው ትምህርቱን አቋርጦ ቤት ተቀመጠ። ያች ዓመት ያለ ትምህርት፣ ያለ ሥራ፣ ያለ ዕቅድ አለፈች። ከሰፈር ጎረምሶች ጋር እስከ ሌሊት ይዞር ጀመር። አንድ ሌሊት በወይን ቦታቸው አጠገብ ከነበረ የሰው ዛፍ እነዚያ ልጆች ፍሬውን አራግፈው ወሰዱ፤ ፍሬው የሚያስጎመጅ አልነበረም፤ አብዛኛውንም ለዐሣማዎች ጣሉት። አጎስጢኖስ ይህችን ትንሽ የምትመስል ስርቆት በብዙ ገጽ መርምሯታል። አልራበውም ነበር፤ ፍሬውንም አልፈለገውም፤ ብቻውን ቢሆን ኖሮም ፈጽሞ አያደርገውም ነበር። ሥራ የፈታ ወጣት በማን መካከል እንደሚውል ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

በማግስቱ ዓመት አባቱ በተጣጣረው ገንዘብ ወደ ካርታጎ ሄደ፤ ካርታጎ ዛሬ ቱኒስ ባለችበት አጠገብ የነበረች ታላቅ የወደብ ከተማ ናት። አባቱ ብዙ ሳይቆይ ሞተ፤ ሮማንያኖስ የተባለ የታጋስጤ ባለጸጋ ግን ረዳው። በካርታጎ ወጣቱ ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ሕጋዊ ጋብቻ አብሮ መኖር ጀመረ፤ በ372 ዓ.ም. ገደማም አዴዎዳቶስ የተባለ ልጅ ወለዱ። በትምህርቱ ግን ከጓደኞቹ ቀዳሚ ነበር። መምህራን በብዙ ሐተታ የሚያስተምሩትን የአርስጣጣሊስን አንድ ከባድ የፍልስፍና መጽሐፍ በ20 ዓመቱ ብቻውን አንብቦ ተረድቶታል። ስለዚህ ተማሪ ሲዘገይ አእምሮው ደካማ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። እንዲያውም ተሰጥኦ ያለው ልጅ ባለቀ ሰዓት ሠርቶ ማለፍ ስለሚችል ሕመሙ ሳይታወቅለት ይቆያል።

በ19 ዓመቱ ሕይወቱን የነካ ነገር ደረሰ። በትምህርቱ ተራ የሮማዊው ሊቅ የሲሴሮ ሥራ የሆነውን ሆርቴንስዮስ የተባለ መጽሐፍ አነበበ። መጽሐፉ ዛሬ ጠፍቶ ከቁርጥራጩ በቀር አልቀረም። ተማሪዎች ያነቡት የነበረው ለቋንቋው ውበት ነው፤ አጎስጢኖስን የማረከው ግን ጥበብን ስለ ራስዋ እንድንሻ የሚመክረው ሐሳቡ ነበር። ዱላ ያላስነሣውን ልብ አንድ መጽሐፍ አስነሣው። ትምህርት ለሹመትና ለገንዘብ ሳይሆን ለእውነት እንደ ሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማው።

አሥራ አንድ ዓመት

የአጎስጢኖስ ረጅሙ መዘግየት የሚጀምረው ግን ልክ ከዚህ ነው። ልቡ ተቀጣጠለ፤ እግሩ ግን አልተነሣም። ቅዱሳት መጻሕፍትን ገልጦ አየ፤ ቋንቋቸው ከሲሴሮ ጋር ሲነጻጸር ተራ መሰለውና ተዋቸው። ሁሉን ያለ እምነት በአእምሮ ብቻ እናስረዳሃለን ወደሚሉት የፋርሳዊው የማኒ ተከታዮች ዘንድ ገባ። እነርሱ ዘንድ ሁለት ማዕረግ ነበር፤ ከባዱን ሥርዓት የሚፈጽሙ ምርጦችና እነርሱን የሚያገለግሉ ሰሚዎች። አጎስጢኖስ 9 ዓመት ያህል ሰሚ ሆኖ ቆየ። ንጽሕናን እንዲሰጠው በወጣትነቱ እግዚአብሔርን ይለምን ነበር፤ ነገር ግን ልመናው ቶሎ እንዳይሰማለት ይፈራ እንደ ነበር በግልጽ ተናዟል። መዳን ይፈልጋል፤ ዛሬ መዳን ግን አይፈልግም።

በታጋስጤና በካርታጎ መምህር ሆነ፤ በ383 ዓ.ም. እናቱን ወደብ ላይ አታልሎ ወደ ሮም ተሻገረ፤ በ384 ዓ.ም. ደግሞ በሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ። በዚያም የቅዱስ አምብሮዝዮስን ስብከት መስማት ጀመረ። መጀመሪያ የሄደው አነጋገሩን ለመመዘን ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ፍሬ ነገሩም በልቡ ገባ። 30 ዓመት ሲሞላው ቆም ብሎ ቢቆጥር፣ ያ መጽሐፍ ልቡን ካስነሣው 11 ዓመት አልፎ ነበር።

በዚያ ወራት ለራሱ ይሰጠው የነበረውን ምክንያት በኑዛዜው አንድ በአንድ ዘርዝሮታል። እውነትን ነገ እንደሚያገኛት ለራሱ ተስፋ ይሰጣል። አምብሮዝዮስን እንዳይጠይቅ ጳጳሱ በሰዎች ጉዳይ ተይዟል። እንዳያነብ ጊዜ የለውም፤ መጻሕፍቱንስ ከየት ይገዛል፣ ከማንስ ይዋሳል? ጧት ተማሪዎቹን ያስተምራል። ከዚያ በኋላ ባለው ሰዓትስ? ያኔ ደግሞ ድጋፋቸው የሚያስፈልገውን ባለሥልጣኖች መጠየቅ አለበት፤ ትምህርቱንም ማዘጋጀት አለበት፤ አእምሮውንም ማሳረፍ አለበት። ከእኛ መካከል ይህን አንብቦ ራሱን የማያገኝ ተማሪ አለ ብለን አናምንም። ምክንያቶቹ አንዳቸውም ሐሰት አልነበሩም። እያንዳንዱ እውነት ስለ ነበረ ነው ሲደመሩ 11 ዓመት የሆኑት።

መዘግየት የባለቤቱን ዘመን ብቻ እንደማይበላም ከዚሁ ታሪክ እንማራለን። ቅድስት ሞኒካ ባሕር ተሻግራ ልጅዋን ተከትላ በዕንባ ትጠብቅ ነበር። 15 ዓመት ያህል አብራው የኖረችው የልጁ እናት ደግሞ ለሌላ ጋብቻ እንቅፋት ስለ ሆነች ወደ አፍሪካ ተሸኘች፤ ልጅዋን ትታ፣ ሌላ ወንድ ላለማወቅ ተስላ ሄደች። አጎስጢኖስ ልቡ እንደ ቆሰለ ጽፏል። ስሟ ግን ለታሪክ አልደረሰም። እርሱ ቁርጥ ባለማድረጉ የደረሰባትን ኀዘን ማስታወስ ይገባናል።

በሚላኖ የአትክልት ቦታ

በ386 ዓ.ም. በጋ የአእምሮው ጥያቄ ከሞላ ጎደል ተመልሶለት ነበር። የቀረው መነሣት ብቻ ነው። ያን ጊዜ የነበረበትን ሁኔታ በእንቅልፍ መስሎታል፤ ሰው መነሣት እንደሚሻለው እያወቀ፣ ሰዓቱም እንደ ደረሰ እያየ፣ ጥቂት ልተኛ ብሎ ተመልሶ እንደሚጋደም ሁሉ፣ እርሱም ለጥሪው መልስ የሚሰጠው ጥቂት ጊዜ እየለመነ ነበር፤ ጥቂት የተባለውም ጊዜ መጨረሻ አልነበረውም።

በዚያ ሰሞን ሁለት ሰዎች ሁለት ታሪክ ነገሩት። አረጋዊው ካህን ሲምፕሊቅያኖስ በሮም የታወቀው መምህር ቪክቶሪኖስ በእርጅናው እንዴት በሕዝብ ፊት እምነቱን እንደ መሰከረ አጫወተው። ቀጥሎም በቤተ መንግሥት የሚያገለግል ጶንጢቅያኖስ የተባለ የአፍሪካ ሰው ሊጠይቀው መጣና በጨዋታው ገበታ ላይ የሐዋርያው ጳውሎስን መልእክት አይቶ ተደነቀ። ስለ ግብፃዊው መነኩሴ ስለ ቅዱስ እንጦንስም ነገረው። በአገራችን የምንኩስና አባት ተብሎ የሚከበረው አባ እንጦንስ ይኸው ነው። በትሪየር ከተማ ሁለት የንጉሥ ባለሟሎች የእንጦንስን ገድል አንብበው በዚያው ሰዓት ሹመታቸውን እንደ ተዉም ተረከለት። አጎስጢኖስ ይህን ሲሰማ ከራሱ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ያልተማሩት ተነሥተው ሲሄዱ የተማረው እርሱ ከነዕውቀቱ ወድቆ ቀርቷል።

በታላቅ ጭንቀት ከወዳጁ ከአሊጲዮስ ጋር ወደ አትክልቱ ቦታ ወጣ። በዚያም የደረሰበትን ከማንም በላይ አብራርቶ ጽፎታል። ጠጉሩን ሊነጭ፣ ግንባሩን ሊመታ፣ ጉልበቱን ሊያቅፍ ሲፈልግ እጆቹ ወዲያው ይታዘዛሉ፤ ነፍሱ ግን ራስዋን ስታዝዝ አትታዘዝም። ይህ ለምን ሆነ ብሎ ሲመረምር፣ ነፍሱ በሙሉ ልብ ስላልፈለገች በሙሉ ልብም እንዳላዘዘች ተረዳ። ግማሹ ፈቃዱ ይነሣል፤ ግማሹ ይጎትታል። ይህን ሕመም የነፍስ ደዌ ብሎ ጠራው፤ ክፉ ተፈጥሮ ነው ግን አላለም።

ከዚያም ከበለስ ዛፍ ሥር ወድቆ አለቀሰ፤ ነገን እስከ መቼ እንደሚጠራ፣ ስለ ምን አሁን እንደማይሆን ራሱን እየጠየቀ ሳለ፣ ከጎረቤት ቤት አንድ ሕፃን አንሥቶ እንዲያነብ የሚል ዜማ ደጋግሞ ሲያዜም ሰማ። ተነሥቶ መጽሐፉን ገለጠ፤ ዓይኑ ያረፈውም ለሮሜ ሰዎች በተጻፈው መልእክት 13ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነበር። ቃሉ የሥጋን ሥራ ትቶ ክርስቶስን ስለ መልበስ የሚናገር ነው። ከዚያ በላይ ማንበብ አላስፈለገውም። አሊጲዮስም ቀጥሎ ያለውን ስለ ደካሞች የተጻፈውን ቃል ለራሱ ወስዶ ተከተለው። ሁለቱም ገብተው ለሞኒካ ነገሯት።

በዚያች ሰዓት አዲስ ክርክር አላሸነፈውም፤ ክርክሩን ከዚያ በፊት ጨርሶታል። ያገኘው የሌሎችን ምሳሌ፣ አጠገቡ ያለ ወዳጅ፣ በዚያው ቅጽበት የሚፈጸም አንድ ትንሽ ሥራ ነው፤ መነሣት፣ መጽሐፍ ማንሣት፣ አንድ ዐረፍተ ነገር ማንበብ። ይህን ሁሉ ያቀናጀው ጸጋ መሆኑን አጎስጢኖስ እስከ ዕለተ ሞቱ አስተምሯል። የተከፈለው ፈቃዱ አንድ የሆነው በራሱ ብርታት አለመሆኑን ያወቀ ሰው ስለ ነበር፣ ደካሞችን ሲያጽናና ከላይ ወደ ታች አልተናገረም።

መዘግየት ሁሉ አንድ አይደለም

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ በጥድፊያ የተሞላ አልነበረም። የመከር ዕረፍት እስኪደርስ 20 ቀን ያህል ማስተማሩን ቀጠለ፤ ከዚያም በይፋ ተወው። ካሲቅያኩም በተባለ የወዳጁ ርስት ከእናቱ፣ ከልጁና ከጓደኞቹ ጋር እየጸለየና እየተወያየ ከረመ። አምብሮዝዮስ ትንቢተ ኢሳይያስን እንዲያነብ መክሮት ነበር፤ መጀመሪያውን ቢያነብ ስላልገባው፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ቋንቋ እስኪለማመድ ድረስ አቆየው። በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ከልጁና ከአሊጲዮስ ጋር በአምብሮዝዮስ እጅ ተጠመቀ። በዚያው ዓመት ቅድስት ሞኒካ ወደ አገር ለመመለስ መርከብ ሲጠብቁ ኦስትያ በተባለው ወደብ በ56 ዓመቷ ዐረፈች። አዴዎዳቶስም ገና በጎረምሳነቱ ሞተ፤ አባቱ መምህሩ በተሰኘ መጽሐፍ ከእርሱ ጋር ያደረገውን ውይይት አቆይቶልናል።

በ391 ዓ.ም. ወደ ሂፖ ከተማ፣ ዛሬ አናባ ወደምትባለው፣ በሄደ ጊዜ ሕዝቡ ይዞ ለጳጳሱ ለቫሌርዮስ አቀረበው፤ እያለቀሰም ቅስናን ተቀበለ። ወዲያው ለጳጳሱ ደብዳቤ ጽፎ ቅዱሳት መጻሕፍትን የሚያጠናበት ጊዜ እስከ ፋሲካ እንዲሰጠው ለመነ። ይህንንና የሚላኖውን መዘግየት ማነጻጸር ይጠቅመናል። ሁለቱም ጊዜ መለመን ናቸው። የፊተኛው ዓላማም ቀንም አልነበረውም፤ የኋለኛው ግን ለምን እንደሆነ ታውቆ፣ የሚያልቅበትም ዕለት ተቆርጦ የተለመነ ነው። ተማሪ አንድን ሥራ ባቆየ ጊዜ ራሱን ይጠይቅ፤ እስከ መቼ ነው? በመካከሉስ ምን እሠራለሁ? ለሁለቱ መልስ ካለው ማቆየቱ ዝግጅት ነው፤ መልስ ከሌለው ግን ሽሽት ነው።

በ395 ዓ.ም. ገደማ ጳጳስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀኑ የራሱ አልነበረም፤ ሰዎች ክርክራቸውን ይዘው እየመጡ እርሱ ዳኛ ሆኖ ይሰማ ነበር። ፖሲድዮስ እንደሚለው ቀን ይሠራል፤ ሌሊት ያሰላስላል። ስለ ሥላሴ የጻፈውን መጽሐፍ በወጣትነቱ ጀምሮ የፈጸመው በእርጅናው ነው፤ ሳያልቅ ሰዎች ወስደው ስላሠራጩበት አዝኖ አቁሞት ነበር፤ በወንድሞች ልመና ግን ተመልሶ ጨረሰው። ለጥናት በሳምንት 5 ቀን እንዳያስቸግሩት ከሕዝቡ ጋር ተስማምቶ ነበር፤ ስምምነቱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። በ426 ዓ.ም. የሚተካውን ካህን ሄራቅልዮስን በሕዝብ ፊት ሰይሞ ሸክሙን ለማካፈል የተገደደውም ስለዚህ ነው። ቅዱሳንም ጊዜ አይተርፋቸውም ነበር። አጎስጢኖስ የቀረችውን ሰዓት መጠቀምን ተማረ እንጂ የተመቸ ዘመን አላገኘም።

ለተሰላቸ መምህር የተጻፈ

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከዚህ አባት የተቀበሉት አንድ ልዩ ስጦታ አለ። በ400 ዓ.ም. ገደማ ዴዎግራስያስ የተባለ የካርታጎ ዲያቆን ጀማሪዎችን ማስተማር እንዳሰለቸው፣ ንግግሩም ቀዝቃዛና ረጅም እየሆነ እርሱንም ሰሚዎቹንም እንደሚያደክም ጽፎለት ነበር። አጎስጢኖስ አልገሠጸውም። እርሱም ራሱ በንግግሩ ደስ የሚለው ከስንት አንዴ እንደ ሆነ ነገረው፤ ከዚያም ጀማሪዎችን ስለ ማስተማር አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈለት።

በዚያ መጽሐፍ የመሰልቸትን ምንጮች አንድ በአንድ ፈልጓል። በልብ የገባን ነገር በአንደበት ሲወጣ ያንስብናል፤ ለጀማሪ የሚነገረው በእኛ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ይሰለቸናል፤ ሰሚው ምንም ምልክት አይሰጠንም፤ የጀመርነውን ሌላ ሥራ አቋርጠን ተጠርተናል፤ ወይም ልባችን በአንድ ኀዘን ተይዟል። ለእያንዳንዱም መድኃኒት አለው። የታወቀውን ስናስተምር እንደ ወላጅ በፍቅር ወደ ሰሚው እንውረድ፤ ለእንግዳ ከተማችንን ስናሳይ ዘወትር ሳናየው የምናልፈው ውብ ቦታ በእርሱ አድናቆት አዲስ እንደሚሆንልን፣ የታወቀውም ትምህርት በተማሪው ደስታ ይታደስልናል። ሰሚው ቆሞ ከደከመ ወንበር እንስጠው፤ ካዛጋ ደስ የሚያሰኝ ነገር ጣል እናድርግ፤ ዝም ካለ ፈርቶ እንደ ሆነ በርኅራኄ እንጠይቀው። ሥራችን ከተቋረጠ ደግሞ ዕቅዳችን ለእግዚአብሔር ዕቅድ ቦታ ቢለቅ አይክፋን።

በትምህርት ቤት በትር የቀመሰው ልጅ ለሌሎች መምህራን የጻፈው እንዲህ ያለውን ነው። የተማሪውን ስንፍና ከመውቀሱ በፊት የድካሙን ምክንያት ጠየቀ።

መጨረሻው

በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች ሂፖን ከበቡ። ከበባው በሦስተኛው ወር ሳለ አጎስጢኖስ በንዳድ ታመመ። የንስሓ መዝሙሮች በግድግዳው ላይ ተጽፈው እንዲለጠፉለት አድርጎ አልጋው ላይ ሆኖ እያነበበ ያለቅስ ነበር። ኦገስት 28 ቀን በ75 ዓመቱ ዐረፈ። ከመሞቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ሥራዎቹን ሁሉ እንደገና መርምሮ 93 ሥራዎችን በ232 መጻሕፍት ቈጥሯል፤ ደብዳቤዎቹና ስብከቶቹ በዚህ ውስጥ የሉም። የኤክላኖሙን ጁልያኖስን የሚቃወመውን የመጨረሻ መጽሐፉን ሳይፈጽም ሞት ቀደመው። ያ ሥራ ሳይፈጸም የቀረው እየጻፈው ሳለ ዘመኑ ስላለቀ ነው።

በላቲን ሥርዓት የቅድስት ሞኒካ በዓል ነሐሴ 21፣ የቅዱስ አጎስጢኖስ ደግሞ ነሐሴ 22 ቀን ይከበራል። በአገራችን ትምህርት ቤቶች ከሚከፈቱበት ከመስከረም ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ መሆኑ ለእኛ መልካም አጋጣሚ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሲዘገይ ምን እንደሚያስፈራው፣ ምንስ እንደሚያስጎመጀው ጠይቁት፤ በዕንባ የምትጸልዩለትም በደል የለበትም ብላችሁ ሳይሆን ተስፋ አለው ብላችሁ ይሁን። መምህራን ሆይ፣ ለልጆቹ የእንጦንስንና የቪክቶሪኖስን የመሰለ ታሪክ ንገሯቸው፤ ምሳሌ ተግሣጽ የማይደርስበት ይደርሳልና። እናንተም ተማሪዎች፣ ሙሉ ፈቃድ እስክታገኙ አትጠብቁ። ብቻችሁን ካልሆነላችሁ አሊጲዮስን የመሰለ ወዳጅ ፈልጉ፤ ከጸሎት በኋላ መጽሐፉን ገልጣችሁ የመጀመሪያዋን ገጽ ዛሬ አንብቡ። ሁለተኛዋ ገጽ ለነገ ብትቀር ግድ የለም።